የባቡር ሠራተኛው ዘፋኝ ጂሚ ሮጀርስ

በሰሜን አሜሪካ በደቡብ በኩል ሚሲሲፒ የሚባል ግዛት አለ። ከዚህ ግዛት ከተሞች አንዲቱ ሜሪዲያን ትባላለች። ሜሪዲያን ታላቅ ከተማ አይደለችም፤ ነገር ግን የባቡር መንገዶች ከየአቅጣጫው የሚገናኙባት ስለ ሆነች፥ በዚያ ዘመን የብዙው ሰው እንጀራ ከባቡር ሥራ የሚገኝ ነበረ። ጂሚ ሮጀርስ ያደገው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ነው። የተወለደው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፋቸውም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

አባቱ አሮን ሮጀርስ የባቡር ሐዲድ የሚጠግኑ ሠራተኞች አለቃ ነበረ። እንዲህ ያለው ሰው ሐዲዱ ወደ ተበላሸበት ሁሉ ስለሚሄድ በቤቱ እምብዛም አያድርም። እናቱም ጂሚ ገና ሕፃን ሳለ ሞተች። ስለዚህ ልጁ አንድ ጊዜ ከአባቱ ጋር፥ አንድ ጊዜ በዘመዶቹ ቤት እየተዘዋወረ አደገ፤ ትምህርት ቤትም አዘውትሮ አልገባም። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ማደሪያው የሚለዋወጥ ልጅ ትምህርቱ ቢቋረጥበት ብዙ አይፈረድበትም።

ልጁ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ዘፈንና ትርኢት ነበረ። ዐሥራ ሦስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ሁለት ጊዜ የትርኢት ጓድ አቋቁሞ ከቤት ወጥቶ ሄደ። ከዚህም ሁሉ የባሰው ነገር፥ አባቱ ሳያውቅ በአባቱ ስም ዋጋው ውድ የሆነ የሸራ ድንኳን በዱቤ መውሰዱ ነው። አባትዮው ሁለቱንም ጊዜ ተከታትሎ መለሰው። በመጨረሻም ወይ ትምህርት ቤት ግባ፥ ወይ ከእኔ ጋር ሐዲድ ላይ ሥራ ብሎ ሁለት ነገር አቀረበለት። ልጁም ሐዲዱን መረጠ።

የመጀመሪያ ሥራው ለሠራተኞቹ ውሃ ማደል ነበረ። በፀሐይ ውስጥ ባልዲ ተሸክሞ ከአንዱ ወደ አንዱ መሄድ ለተመልካች የማይረባ ሥራ ይመስላል፤ የጂሚ ሮጀርስ ትልቁ ትምህርት ቤት ግን ይኸው ነበረ። በአባቱ ሥር ከሚሠሩት ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከቦታው የተንሸራተተውን ሐዲድ ወደ መስመሩ ለመመለስ እነዚህ ሰዎች ረጃጅም የብረት ዘንጎች ከሐዲዱ ሥር አግብተው በአንድነት ይገፋሉ። ሁሉም በአንዲት ቅጽበት ካልገፋ ግን ብረቱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አንድ አውጪ ይዘፍናል፥ ሌሎቹም ይቀበሉታል፤ በዘፈኑ ምት ላይም ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ይገፋሉ። ዘፈን በዚያ ሥፍራ ለመዝናኛ ብቻ የሚሆን አልነበረም፤ ከዘንጉና ከመዶሻው ጋር የሚቈጠር የሥራ መሣሪያ ነበረ። በዕረፍት ሰዓትም ሠራተኞቹ ባንጆና ጊታር ሲመቱ ልጁ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ጣቶቻቸውን እያየ ተማረ።

በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጥቁሩና ነጩ በትምህርት ቤትና በባቡር ፉርጎ እንኳ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበረ። ውሃ የሚያድለው ልጅ ግን ከሁሉም ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ የሰማውን እንጉርጉሮ በኋላ በዓለም ሁሉ ፊት ዘፈነው፤ ያስተማሩት ሰዎች ግን ስማቸው በየትም አልተጻፈም። ይህ ዕዳ ሳይከፈል ቀርቷልና እዚህ ላይ ማንሳታችን ተገቢ ነው።

ካደገ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ዋልተር በባቡር ላይ አስገባውና ፍሬን ያዥ ሆነ። የፍሬን ያዥ ሥራ ፉርጎዎችን ማያያዝና መፍታት፥ ባስፈለገም ጊዜ በሚሄደው ባቡር ጣሪያ ላይ ተራምዶ ፍሬኑን በእጅ ማጥበቅ ነበረ። በክረምት ብርዱ፥ በበጋ ጢሱና አቧራው፥ ሁልጊዜም ነፋሱ የዚህን ሠራተኛ ሳንባ ይጎዳው ነበረ። በ1920 ዓ.ም. ካሪ ዊሊያምሰን የምትባለውን የአንድ ሜቶዲስት ቄስ ልጅ አገባ። ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ሥራው ግን የጸና አልነበረም፤ ሠራተኛ ሲበዛ ከሚሰናበቱት አንዱ እርሱ ነበረ። በ1923 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ፍለጋ ከቤቱ ርቆ ሳለ ታናሺቱ ልጁ ገና ዓመት ሳይሞላት ሞተች።

በተከታዩም ዓመት ደም ተፋ፤ ሐኪሞችም የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉት። ዕድሜው ሃያ ሰባት ዓመት ነበረ። ለዚህ በሽታ የሚበጀው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በ1943 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በዚያ ጊዜ ሐኪም ለድኻውም ለሀብታሙም በአብዛኛው የሚያዘው አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም ዕረፍት፥ ንጹሕ አየርና መልካም ምግብ ነው። ሚስትና ልጅ ላለው፥ ከቀን ሥራ በቀር ሌላ መተዳደሪያ ለሌለው ሰው ግን ዕረፍ ማለት ተራብ ማለት ነው። ጂሚም አላረፈም። ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ በባቡር ሠራ፤ ደረቅ አየር ለሳንባ ይበጃል ስለ ተባለም ወደ አሪዞና በረሃ ሄደ። በየሥፍራው ጊታሩን ይዞ ማታ ማታ ይዘፍን ነበረ። በመጨረሻም ጉልበቱ ለባቡር ሥራ እንደማይበቃ ባወቀ ጊዜ፥ የቀረችውን አንዲት ነገር፥ ድምፁን፥ ለመሸጥ ቈረጠ።

ይህ ነገር ቢታሰብ የሚያስጨንቅ ነው። ድምፅ የሚወጣው ከሳንባ ነውና፥ ሰውዬው እንጀራውን ሊያገኝ የወጣው በዚያው በታመመው አካሉ ነበረ።

በ1927 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ሄዶ አሽቪል በምትባለው ከተማ በራዲዮ ዘፈነ። እዚያም ሦስት ሙዚቀኞች የነበሩበትን ጓድ አግኝቶ ከነርሱ ጋር ተባበረ። በዚያው ዓመት ቪክቶር የሚባለው የሸክላ ኩባንያ መልእክተኛ ራልፍ ፒር የገጠር ዘፋኞችን ድምፅ ለመቅረጽ መሣሪያውን ይዞ ብሪስቶል ወደምትባለው ከተማ መጣ። የብሪስቶል ከተማ ዋና መንገድ የቴነሲና የቨርጂኒያ ግዛቶች ወሰን ነው፤ አንዱ ወገን የእግረኛ መንገድ በአንዱ ግዛት፥ ሁለተኛው በሌላው ግዛት ይገኛል። ጂሚና ጓደኞቹም ወሬውን ሰምተው ሄዱ። ነገር ግን ድምፃቸውን ሊያስቀርጹ አንድ ቀን ሲቀራቸው፥ በሸክላው ላይ የማን ስም ይጻፍ በሚል ነገር ተጣልተው ተለያዩ። በማግሥቱ፥ ነሐሴ 4 ቀን በፈረንጆች፥ ጂሚ ሮጀርስ ብቻውን በጊታሩ ሁለት ዘፈኖች ዘፍኖ አንድ መቶ ዶላር ተከፈለው። ብቻውን መቅረቱ በዚያች ሌሊት ጕዳት መስሎት ይሆናል፤ ለዝናው መጀመሪያ የሆነው ግን ይኸው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበረ። እርሱ ግን የመጀመሪያው ሸክላ ገበያ ከወጣ በኋላ፥ ማንም ሳይጠራው ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ሆቴል ገባና ለራልፍ ፒር በስልክ መምጣቱን አስታወቀ። ፒርም ወደ ካምደን ከተማ ወስዶ በኅዳር 30 ቀን በፈረንጆች አራት ዘፈኖች አስቀረጸው። ከነዚህ አንዱ «ብሉ ዮደል» የተባለው ነው። ዮደል በአልፕስ ተራሮች እረኞች ዘንድ የታወቀ የአዘፋፈን ስልት ሲሆን፥ ድምፅን ከደረት አንሥቶ ድንገት ወደ ቀጭን ድምፅ መስበር ነው። ጂሚ ሮጀርስ ከሐዲድ ሠራተኞች የተማረውን እንጉርጉሮ ከዚህ ጋር አጋጠመው። ሁለቱ ከየት ወዴት የሚገናኙ ናቸው ይባል ይሆናል፤ ሆኖም ሸክላውን የሰማ ሁሉ ደግሞ መስማት ወደደ፥ ሽያጩም ወደ ብዙ መቶ ሺህ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት በማይሞሉ ዓመቶች አንድ መቶ ዐሥር ያህል ዘፈኖች አስቀረጸ።

ሥራው ሁሉ የርሱ ብቻ ነበረ ማለት ግን እውነት አይሆንም። ፒር የሚፈልገው ቀድሞ በሌላ ሰው ስም ያልተመዘገበ አዲስ ዘፈን ስለ ሆነ፥ ጂሚም የሙዚቃ ምልክት ማንበብ ስለማይችል፥ የሚስቱ እኅት ኤልሲ መክዊሊያምስ ብዙ ዘፈኖች እየደረሰች ዜማውን በቃል ታስጠናው ነበረ። ከነዚህም በብዙዎቹ ላይ ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ በሆሊውድ አንዱን «ብሉ ዮደል» ሲዘፍን መለከት የነፋለት ሉዊስ አርምስትሮንግ፥ ፒያኖ የመታችለትም የአርምስትሮንግ ሚስት ሊል ነበረች፤ የሁለቱም ስም በሸክላው ላይ አልታተመም።

ዝናና ገንዘብ ባንድ ጊዜ መጡለት። ስሙ በአንገቱ ላይ የተጻፈበት ጊታር ተሠራለት፤ በጀርባው ላይ ደግሞ ምስጋና የሚል ቃል ስለ ነበረበት፥ ዘፈኑን ሲጨርስ ጊታሩን ገልብጦ ለሕዝቡ ያሳያል። በ1929 ዓ.ም. የባቡር ሠራተኛ ልብስ ለብሶ በሚዘፍንበት አጭር ሲኒማ ላይ ታየ። በዚያው ዓመት ለሳንባ በሽተኞች መልካም አየር አላት በምትባለው በቴክሳስ በኬርቪል ከተማ ትልቅ ቤት አሠራ። እጀ ሰፊ ሰው ስለ ነበረ ገንዘብ በእጁ አያድርም፤ ለወዳጅም፥ ለመኪናም፥ ለልብስም ይበትነዋል። የቀረውን ሐኪም ይወስደዋል። ስለዚህ ያንን ቤት ብዙ ሳይኖርበት ትቶ ሳን አንቶኒዮ ወደሚገኝ አነስተኛ ቤት ገባ። ገንዘቡን ቢቈጥብ ኖሮ እንላለን፤ ሆኖም ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው ስለ ነገ የሚያስበው እንደ ጤነኛ አይደለም።

በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ድርቅና የንግድ መውደቅ ባንድነት የቴክሳስን፥ የኦክላሆማንና የአርካንሶን ገበሬዎች ባስጨነቁበት ጊዜ፥ ዊል ሮጀርስ የተባለው ታዋቂ ተናጋሪ ለችግረኞች ገንዘብ ለመሰብሰብ በየከተማው ሲዞር ጂሚ አብሮት ዘፈነ። በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። በዚያው ወራት ስለ ሳንባ ነቀርሳው ራሱ ዘፈን አስቀረጸ። በዚያ ዘመን ይህን በሽታ ሰው እንደ ነውር ይሰውረው ነበረ፤ እርሱ ግን በሽታውን በስሙ ጠርቶ ዘፈነበት፤ በየቤቱ ተደብቀው የሚያስሉ ሰዎችም ሰሙት።

ሐኪሞቹ አብዝቶ መዝፈኑን እንዲተው ይነግሩት ነበረ። ነገር ግን የሐኪሙ ዋጋ የሚከፈለው በዘፈኑ ነው። በግንቦት ወር 1933 ዓ.ም. እጅግ ደክሞ ሳለ፥ ለሚስቱና ለልጁ የሚሆን ገንዘብ ለመተው ብሎ ከአስታማሚው ጋር በመርከብ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በሸክላ ማስቀረጫው ክፍል አልጋ ተዘርግቶለት አንዱን ዘፈን ጨርሶ ይተኛል፥ ትንፋሹ ሲመለስለት ተነሥቶ ሌላውን ይጀምራል። ከ17 እስከ 24 ባሉት ቀናት በዚህ ዓይነት ዐሥራ ሁለት ዘፈኖች አስቀረጸ። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሸክላዎች የሚሰማ ሰው አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር፥ ዘፋኙ በሁለት ዘፈኖች መካከል ተኝቶ የሚነሣ መሆኑን አያውቅም። በ26 ቀን ሌሊት በሆቴሉ ውስጥ ደም ፈሶት ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ዓመት ነበረ።

ሬሳውን ወደ ሜሪዲያን የወሰደው ባቡር ነው። ወደ ከተማው ሲቃረብ ነጂው ፉጨቱን ዝቅ አድርጎ ሳያቋርጥ እንዳስጮኸው ይተረካል። ጣቢያው ላይ ብዙ ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበረ፤ ከነዚያም መካከል የቀድሞ የሥራ ባልንጀሮቹ ነበሩ። የተቀበረውም በዚያው አካባቢ ነው።

ሚስቱ ጊታሩን ከሦስት ዓመት በኋላ ገና ስሙ ላልታወቀው ለወጣቱ ዘፋኝ ለኤርነስት ተብ አዋሰችው፤ ተብም ለብዙ ዓመታት ዘፈነበት። በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ባለሟሎች መታሰቢያ ሲቋቋም መጀመሪያ ከገቡት ሦስት ሰዎች አንዱ ጂሚ ሮጀርስ ሆነ።

ሸክላዎቹ ግን ከአሜሪካ አልፈው ሄደዋል። በጎረቤታችን በኬንያ የሚኖሩት የኪፕሲጊስ ሰዎች በግራሞፎን ድምፁን ሰምተው ስሙን በቋንቋቸው «ቼሚሮቻ» አሉት። ይህ ድምፅ የሰው ብቻ ሊሆን አይችልም ብለው ግማሹ ሰው፥ ግማሹ ድኩላ የሆነ ፍጡር አድርገው ተረኩት። በ1950 ዓ.ም. ሂዩ ትሬሲ የሚባል የሙዚቃ ሰብሳቢ ወደ አገራቸው በሄደ ጊዜ፥ የኪፕሲጊስ ልጃገረዶች የኛን ክራር በሚመስል መሣሪያ እየታጀቡ ቼሚሮቻ መጥቶ አብሯቸው እንዲጨፍር ሲጋብዙት ድምፃቸውን ቀረጸ።