የቪየናው ሐኪምና የአራሶች ሞት

ለምርመራ ገብተው ሐኪሙ እርስዎን ከመንካቱ በፊት እጁን ሲታጠብ ወይም በአልኮል ሲያሽ አይተው ይሆናል። ቀላል ነገር ይመስላል። ይህን ሥርዓት በአንድ ሆስፒታል ለማስለመድ የታገለው ሐኪም ግን ሥራውን አጥቶበታል።

ኢግናዝ ሴሜልዌይስ እ.ኤ.አ. በ1818 በሃንጋሪ ቡዳ ከተማ ተወለደ። ሕክምናን ቪየና ተምሮ፣ በ1846 በከተማዋ አጠቃላይ ሆስፒታል በማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ።

ማዋለጃው ሁለት ክፍል ነበረው። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑበታል። እናቶች የሚመደቡት በመጡበት ቀን ተራ ነው። በ1846 ዓመት በሐኪሞቹ ክፍል ከመቶ እናቶች 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት ከመቶ 3 አይሞሉም። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ ከማሕፀን ተነስቶ ወደ ደም የሚዛመት ኢንፌክሽን ነበር። የከተማዋ ሴቶች ይህን ያውቃሉ። ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይመደቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ ወልደው የሚመጡት እንኳ በዚያ ክፍል ከሚወልዱት የተሻለ ይተርፉ ነበር።

ብዙዎቹ ሐኪሞች በሽታውን በተበከለ አየር ያሳብቡ ነበር። ሴሜልዌይስ ግን ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ግቢ፣ በአንድ አየር ውስጥ መሆናቸውን አስተዋለ። ልዩነታቸውን አንድ በአንድ ያጣራ ጀመር። እናቶች ሲወልዱ የሚተኙበትን አኳኋን ለወጠ፤ ለሟቾች የሚመጣው ቄስ ደወል እንዳይደወል አደረገ። ሞቱ አልቀነሰም።

በ1847 መጋቢት ላይ ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ በአስከሬን ምርመራ ወቅት በተማሪ ቢላ ጣቱን ተወግቶ ሞተ። በሰውነቱ ውስጥ የታየው ጉዳት በሞቱት እናቶች ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ነበር። ነገሩ ያኔ ተገለጠለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ምጥ ላይ ያሉትን ይመረምራሉ፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም።

በግንቦት ሁሉም እጁን በክሎሪን ውህድ (የበረኪና ዘመድ ነው) እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ። በመከር ወራት ግን ከአንዲት የማሕፀን ካንሰር ታማሚ በኋላ በተከታታይ የተመረመሩ እናቶች ታመው አብዛኞቹ ሞቱ። ስለዚህ መታጠቡ በየታካሚዋ መካከል እንዲሆን ተደረገ።

እኔን እንደ ሐኪም ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሴሜልዌይስ በትጋቱ ከሌሎች ይልቅ አስከሬን ይመረምር ስለነበር፣ በእርሱም እጅ ብዙ እናቶች እንደሞቱ በኋላ በመጽሐፉ አምኗል። የክፍላችንን የሞት መዝገብ ገልጠን ስንነጋገር ይህን ያህል ራሳችንን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የአልኮሉ ጠርሙስ በየክፍሉ ተሰቅሎ ለሳምንታት ባዶውን ነበር፤ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር። እርስዎ ግን ይጠይቁ። ሐኪሙ ሳይታጠብ ሊነካዎ ሲል እጅዎን ታጥበዋል ወይ ማለት ነውር የለበትም። አራስ ጥየቃ ሲሄዱም እናቲቱንና ሕፃኑን ከመንካትዎ በፊት በሳሙና ይታጠቡ። ከወሊድ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ሕመም ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ ነገ ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

በ1849 የሴሜልዌይስ የሥራ ውል ሳይታደስ ቀረ። ሐሳቡን በጽሑፍ ለማሳተም መዘግየቱ ጎድቶታል። ወደ ፔስት ተመልሶ በሠራበት ሆስፒታልም የአራሶችን ሞት ከመቶ 1 በታች አወረደ። መጽሐፉን ያሳተመው ዘግይቶ፣ ከክሎሪኑ ትእዛዝ 13 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ያልተቀበሉትን ፕሮፌሰሮች በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳይ እስከማለት ደረሰ፤ ይህም ወዳጅ አላበዛለትም። በ1865 አእምሮው ታውኳል ተብሎ ቪየና በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በ47 ዓመቱ ሞተ። የገደለው አመርቅዞ ወደ ደሙ የገባ ቁስል ነበር።