ስለ ኦራዚዮ አንቲኖሪ፤ ወፎችን ስለ መረመረው ሰው

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ ይኸውም በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጎማና በጌራ የሚኖር ልጅ ጎሕ ሲቀድ ከአውራ ዶሮው ቀጥሎ የሚቀሰቅሰው የዱር ወፍ ነው። ለቡናው ጥላ ሆነው ከቆሙት ከዋንዛው፣ ከብርብራውና ከሰሳው ላይ የሚጮኸውን በየቀኑ ይሰማዋል። ነገር ግን ምን ዓይነት ወፍ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ እንቁላሉን የት እንደሚጥል፣ በየትኛው ወር መጥቶ በየትኛው ወር እንደሚሄድ ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝበትም። እንግዲህ በአንዲት ከተማ ጥቂት ጓደኛሞች ተሰብስበው ወፍ የሚመለከቱበት ማኅበር ለማቆም ቢያስቡ፣ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ከእነርሱ በፊት ከሠራው ሰው ሕይወት ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ይህም ሰው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። እርሱ ራሱ እስከ ጅማ አልደረሰም፤ ሆኖም ከጓደኞቹ አንዱ በጌራ ምድር ሞቶአልና ታሪኩ ከዚህ አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንቲኖሪ በኦክቶበር 1811 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፔሩጂያ ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ በእጁ መሥራትን እንደ ነውር ይቈጥረው ነበር። እርሱ ግን የተፈጥሮን ትምህርት በመውደዱ የአገልጋይ እንጂ የጌታ የማይመስለውን ሥራ ተማረ። የሞተውን ወፍ ቆዳ ላባው ሳይረግፍ በትንሽ ካራ ይገፍፋል፤ ብል እንዳይበላውም ውስጡን መርዝ ይቀባዋል፤ ከዚያም ጥጥ ሞልቶ፣ ሰፍቶ፣ በሕይወቱ እንደ ነበረ ያስተካክለዋል። ይህ ሥራ የረጋ እጅና ብዙ ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚፈልገው በወፉ እግር ላይ የምትታሰረውን ትንሽ ወረቀት ነው። በዚያች ወረቀት ላይ ወፉ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ፣ የዓይኑና የእግሩም ቀለም ይጻፋል፤ ወፉ ከሞተ በኋላ የዓይኑና የእግሩ ቀለም ይለወጣልና። ወረቀቷ የጠፋችበት ወፍ ምንም ያማረ ቢሆን ለሊቃውንት የሚነግራቸው እጅግ ጥቂት ነው።

ወደ ሮማ ከሄደ በኋላ አንቲኖሪ ከካርሎ ሉቺያኖ ቦናፓርቴ ጋር ሠራ። ይህ ሰው የታላቁ የናፖሌዎን የወንድም ልጅ ሲሆን በዘመኑ ከነበሩት ከታወቁት የወፍ ሊቃውንት አንዱ ነበረ። ነገር ግን በ1848 ዓ.ም. በኢጣልያ ጦርነት ተነሣና አንቲኖሪ መጻሕፍቱን ትቶ ለአገሩ ነጻነት ሊዋጋ ዘመተ። በ1849 ዓ.ም. የሮማ ሬፑብሊክ በወደቀ ጊዜ ወገኖቹ ተበተኑ፤ እርሱም በስደት ወደ ግሪክና ወደ ቱርክ አገር ሄደ። ስደተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን በቁጭት ይጨርሰዋል፤ እርሱ ግን በደረሰበት አገር ሁሉ ወፎችን ይሰበስብ ነበረ። ቆይቶም በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን ወረደ፤ በ1860 እና በ1861 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ ወገን ተጉዞ ብዙ ወፎች ይዞ ተመለሰ። ዝርዝራቸውንም በ1864 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ አሳተመ።

በ1867 ዓ.ም. የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር በፊሬንሴ ከተማ ሲቋቋም አንቲኖሪ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበረ፤ ጸሐፊም ሆነ። የማኅበር ጸሐፊነት ብዙ ክብር የማይገኝበት ሥራ ነው። ደብዳቤ መጻፍ፣ መዝገብ መያዝ፣ የተበታተነውን ወሬ መሰብሰብ ሁሉ የእርሱ ነው። ማኅበር ግን የሚኖረው በሊቀ መንበሩ ንግግር አይደለም፤ መዝገቡን በሚይዘው ሰው ትጋት ነው። ይህን ማኅበር ያቋቋመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልሞከረው ግን አያምንም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀይ ባሕር ዳርቻና በከረን አካባቢ ወፎችን መረመረ። ከዚያም በ1876 ዓ.ም. ማኅበሩ ወደ ሸዋ መልእክተኞችን ለመላክ ባሰበ ጊዜ አለቃ አድርጎ የመረጠው እርሱን ነበረ። ዕድሜው በዚያን ጊዜ 64 ዓመት ነበረ። በእንዲህ ያለ ዕድሜ ሌላው ሰው በቤቱ አጠገብ ፀሐይ ይሞቃል፤ አንቲኖሪ ግን በዘይላ ወደብ ወርዶ፣ የአዳልን በረሃ በግመል አቋርጦ፣ በዚያው ዓመት ወደ ንጉሥ ምኒልክ ደረሰ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። እንግዶቹን በደኅና ተቀበሏቸው፤ በአንኮበርም አቅራቢያ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው።

ሌት ማረፊያ ተራራና ደን የከበበው ቦታ ነው። አንቲኖሪ በዚያ ጎጆ ሠርቶ ተቀመጠ። ወደ ሸዋ በገባበት ዘመን በአደን ሳለ ጠመንጃ አደጋ አድርሶበት ቀኝ እጁ ክፉኛ ቈሰለ። የወፍ ቆዳ የሚገፍፍና የሚጽፍ ሰው ቀኝ እጁን ሲጎዳ ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያስቸግርም። እርሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ብዙ መንገደኞች በአንድ አገር ውስጥ በፍጥነት አልፈው፣ በመንገዳቸው የታያቸውን ብቻ ጽፈው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ሰው በሰኔ ያየውን ወፍ በጥር አያየውም፤ ስለዚህም ወፉ በአገሩ የሚኖር ይሁን ወይም በዝናም ጊዜ ብቻ የሚመጣ አያውቅም። አንቲኖሪ ግን በአንድ ቦታ ተቀምጦ ክረምቱንም በጋውንም ደጋግሞ አየ። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል።

ማኅበሩ ግን የላካቸው በአንድ ደን ውስጥ እንዲቀመጡ አልነበረም። ከሸዋ ተነሥተው ወደ ደቡብ እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚደርሰውን መንገድ እንዲፈልጉ ነበረ እንጂ። ሽማግሌው ይህን ጉዞ አልቻለውም፤ ስለዚህ በ1878 ዓ.ም. ሁለት ጎልማሶች፣ አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ፣ ከሌት ማረፊያ ተነሥተው ወደ ከፋ ወገን ሄዱ። በዚያ ዘመን በጊቤ ወገን አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ዛሬ አጋሮ የምትገኝበት አገር የጎማ ነበረ። የሊሙ ገበያ የነበረችው ሰቃም ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ቦታ ነበረች። እያንዳንዱ መንግሥት በወሰኑ ላይ በር አቁሞ መንገደኛውን ይመረምር ነበረና፣ እንግዳ ሰው ካለ ገዢው ፈቃድ ሊገባም ሊወጣም አይችልም ነበረ።

ሁለቱ መንገደኞች ጌራ በደረሱ ጊዜ ንግሥቲቱ ይዛ አስቀመጠቻቸው። በጌራ ለብዙ ዓመታት የኖሩት የካፑቺን ሚሲዮናዊ አባ ሌዎን ዴ ዛቫንሼ በ1879 ዓ.ም. ሞቱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን ኪያሪኒም ሞተ። ገና 30 ዓመት ነበረው። ቼኪ በባዕድ አገር ብቻውን ቀረ፤ ነጻ የወጣውም በ1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ራስ አዳል፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት፣ ስለ እርሱ ስለ ማለዱ ነው። የኪያሪኒን አጥንት ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውጉስቶ ፍራንዞይ የሚባል የአገሩ ሰው ጌራ ድረስ መጥቶ ወደ ኢጣልያ ወሰደው። በዚያ ዘመን ፖስታ አልነበረም፤ ደብዳቤ በነጋዴ እጅ ከገበያ ወደ ገበያ ይሄድ ነበረ። በሌት ማረፊያ የቀረው ሽማግሌ ወፎቹን እየቈጠረ የጎልማሶቹን ወሬ ሲጠብቅ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ማኅበሩ የሚፈልገው ወፍና ካርታ ብቻ አልነበረም፤ የንግድ መንገድም ይፈልግ ነበረ። የማኅበሩ አገርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጦር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1896 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ሆነ። ቼኪም በኋላ የመንግሥቱ ቆንሲል ሆኖ ሲሠራ በዚያው በ1896 ዓ.ም. በሶማሌ አገር በሞቃዲሾ አጠገብ ተገደለ። የወፍ መዝገብ ራሱ ማንንም አይበድልም። ሆኖም የአገሩን ነገር ሁሉ እንግዳ ሲጽፈውና ወደ እንግዳ አገር ሲወስደው ባለ አገሩ የሚቀርበት ነገር አለ። አንቲኖሪ የሰበሰባቸው ወፎች የሄዱት ወደ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ነው፤ የአንኮበርን ወፍ ለማወቅ የፈለገ ኢትዮጵያዊም ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት።

አንቲኖሪ ኦገስት 26 ቀን 1882 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ በሌት ማረፊያ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ወደ አገሩ የተመለሱት ወፎቹ ብቻ ናቸው። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ እያንዳንዱን መርምሮ በ1884 ዓ.ም. ስለ ሸዋ ወፎች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ አንዲቱን ጠቆር ያለች፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ፣ ከጨረባ ወገን የሆነች ወፍ በአንቲኖሪ ስም ሰየማት። የማኅበሩ ጸሐፊ ወረቀቶቹን በትክክል ባይጽፍ ኖሮ ሳልቫዶሪ ይህን መጽሐፍ ሊጽፍ ባልቻለም ነበረ፤ አብዛኞቹን ወፎች በሕይወታቸው አላያቸውምና።

ነገር ግን በዚያ ሁሉ ትጋት ከዓይኑ ያመለጠው ነበረ። በአንኮበር ገደል ላይ የምትኖር፣ ቀለሟ ቡናማ ዝንጉርጉር የሆነች፣ ከድንቢጥ ብዙ የማትበልጥ ወፍ አለች። የሳይንስ ሰዎች ያገኟት በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አንቲኖሪ ሸዋ ከገባ ልክ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ በ1979 ዓ.ም. ጽፎ እስኪያስታውቃት ድረስ በመጽሐፍ ስም አልነበራትም። በዚያ ገደል ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ግን ከአያቶቻቸው ጀምሮ ሲያዩዋት ኖረዋል። የጎደለው ጸሐፊ ብቻ ነበረ።

በአገራችን ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ማኅበሩ በ1996 ዓ.ም. ለወፎች ዋና መኖሪያ የሆኑትን 69 ቦታዎች ጽፎ አሳተመ። በኢትዮጵያ የሚታዩት ወፎች ከ850 ዓይነት በላይ ናቸውና ሥራው ለአንድ ማኅበር ብቻ የሚበቃ አይደለም።

ለጅማና ለቡና አገሮቹ ልጆች ሥራው ከደጃፋቸው ይጀምራል። በደን ውስጥ አረንጓዴ የለበሰች፣ ጉንጯ ነጭ፣ ስትበር ክንፏ እንደ ደም የሚቀላ ወፍ አለች። ክንፉ ከሩቅ እየጮኸ የሚበር፣ በምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስል ትልቅ ጥቁር ወፍም አለ፤ ሾላና ዋርካ ሲያፈራ አይታጣም። ከከተማው አጠገብ በቦዬ ውኃ ዳር የውኃ ወፎች ይሰበሰባሉ። በ2015 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ አገር በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ ቡና ከደኑ ይልቅ ብዙ የሚበልጥ ዓይነት ወፍ ይገኝበታል። ነገር ግን በደኑ ሥር ተሸሽገው ትል እየለቀሙ የሚኖሩት ወፎች በቡናው ውስጥ ቁጥራቸው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቡናውም ደኑም ተመልካች ያስፈልጋቸዋል።

ለዚህ ሥራ ዛሬ ጠመንጃ አያስፈልግም፤ ካራና መርዝም አያስፈልግም። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም ዓይንና ጆሮ ይበቃሉ። የማይበቃው ያለ መዝገብ የሚደረግ መመልከት ነው። አምስት ወይም ስድስት ጓደኛሞች ከመካከላቸው አንዱን ጸሐፊ አድርገው ይምረጡ፤ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ይሂዱ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሰማዩን ሁኔታና የወፎቹን ቁጥር ይጻፉ። ስሙን የማያውቁትን ወፍ በግምት ስም አይስጡት፤ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ ምንቃሩንና ድምፁን ጽፈው ይተዉት። በአገሬው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው ከአጠገቡ ያኑሩ፤ በኦሮምኛ ያለው ስም በብዙ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝምና። ወደ ጎጆው ሲቀርቡም እንቁላሉን አይንኩ።

መስከረም ሲጠባ ጨረባዎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠው ይመጣሉ፤ በጅማም ሜዳ ላይ ዝቅ ብለው ዝንብ ሲያድኑ ይታያሉ። መጀመሪያ የታየችው ጨረባ በስንት ቀን እንደ መጣች፣ የመጨረሻዪቱም በስንት ቀን እንደ ሄደች መጻፍ ለአዲስ ማኅበር የመጀመሪያው ገጽ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው መስከረም ሁለተኛው ገጽ ይጻፋል፤ ከዚያም ጸሐፊው ሁለቱን ቀኖች አስተያይቶ ይመለከታል።