ዋይልደር ፔንፊልድ፦ የኤሌክትሪክ ፍሰትና የትውስታ ምርምር

ዋይልደር ፔንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን ከተማ ተወለዱ። በፕሪንስተን፣ በኦክስፎርድና በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ከሆኑ በኋላ በ1928 ወደ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ተዛወሩ። በዚያው ዓመት የገዛ እህታቸውን የአንጎል ዕጢ በቀዶ ጥገና ቢያወጡም ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አልተቻለምና እህታቸው ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ሐዘኑ ስለ አንጎል በጥልቀት የሚመረምር ተቋም የመመሥረት ፍላጎታቸውን አጠናከረው፤ በ1934ም በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋም ተከፈተ።

ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ያክሙ የነበረው በሽተኛው ነቅቶ እያነጋገራቸው ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው የራስ ቆዳን ማደንዘዝ ይበቃል። ለንግግርና ለእንቅስቃሴ የሚያገለግሉ ክፍሎች በስሕተት እንዳይቆረጡ የአንጎልን ቅርፊት በደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት እየነኩ ምላሹን ይመዘግቡ ነበር። በጆሮ ግድም የሚገኘው ቴምፖራል ሎብ ሲነካ አንዳንድ በሽተኞች ሙዚቃ እንደሰሙ ወይም ያለፈ ሁኔታ በፊታቸው እንደታየ ተናገሩ። ከዚህም በመነሣት ፔንፊልድ አንጎል ሰው ልብ ያለውን ገጠመኝ ሁሉ መዝግቦ ያቆያል ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ።

ማስረጃው ግን ከድምዳሜው ጠባብ ነበር። ከፋኖር ፔሮ ጋር በ1963 ባሳተሙት ጥናት፣ ቴምፖራል ሎባቸው ከተመረመረ 520 በሽተኞች መካከል እንዲህ ያለ ምላሽ የሰጡት 40 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከ8 በመቶ ያነሰ ነው። ሁሉም የቀዶ ጥገና በሽተኞች ከመሆናቸውም በላይ፣ የታያቸው ነገር በእርግጥ የተፈጸመ ይሁን ወይም እንደ ሕልም የተቀናበረ በአብዛኛው አልተረጋገጠም።

ስለ ትውስታ ይበልጥ ጽኑ ትምህርት የተገኘው ከጉዳት ነው። ፔንፊልድና ብሬንዳ ሚልነር፣ በአንድ ወገን ቴምፖራል ሎብ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው በኋላ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ሁለት በሽተኞችን አጠኑ። አንደኛው ሲሞት በተደረገ ምርመራ በሌላው ወገን ያለው ሂፖካምፐስ ቀድሞውኑ ተጎድቶ እንደነበር ታወቀ። ፔንፊልድም የትውስታው መዝገብ የሚገኘው በተነካው ቅርፊት ሳይሆን በሌላ የአንጎል ክፍል ነው ሲሉ የቀድሞ አመለካከታቸውን አሻሻሉ። በ1976 በሞንትሪያል አረፉ።

ዛሬ የራስ ቅልን ሳይከፍቱ ደካማ ፍሰት በማሳለፍ ትውስታን ለማሻሻል የሚደረገው ምርምር የፔንፊልድን ሥራ እንደ መነሻ ቢያነሣ አያስገርምም። ሆኖም ፔንፊልድ ያሳዩት ትውስታ መሰል ገጠመኝ ሊቀሰቀስ እንደሚችል እንጂ የማስታወስ ችሎታ እንደሚሻሻል አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ በመሆናቸው ለየራሳቸው ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል።