ከአላስካ በረዶ እስከ ዋቢ ሸበሌ

ሐዋሳ ላደግን ልጆች ዋቢ ሸበሌ መጀመሪያ የሆቴል ስም ነው፤ ወንዝ መሆኑን የሰማነው ትምህርት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ወንዙ እኮ ሩቅ አይደለም። ከሻሸመኔ የባሌን መንገድ ይዛችሁ ኮፈሌን ካለፋችሁ፣ ዶዶላና አዳባ አካባቢ ታገኙታላችሁ። ይህን ወንዝ ከላይ እስከ ታች ተከትሎ ያጠና አንድ ጣሊያናዊ ነበር፤ የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አሜዴዮ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በጥር 1873 ማድሪድ ነው። አባቱ ያኔ የስፔን ንጉሥ ነበር፤ ልጁ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ዙፋኑን ለቀቀ። ሉዊጂ የባሕር ኃይል መኮንን ሆነ፤ ልቡ ግን ተራራ ላይ ነበር።

በ24 ዓመቱ፣ ሐምሌ 1897፣ ከጓዶቹ ጋር ማንም ያልደረሰበትን የቅዱስ ኤልያስ ተራራ ጫፍ ረገጠ። ተራራው በአላስካና በካናዳ ድንበር ላይ ሲሆን 5,489 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ዳሸን በ900 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ጉዱ ግን ቁጥሩ አይደለም። ራስ ዳሸንን የሚወጣ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከደጋ ነው። እነሱ ግን የጀመሩት ከባሕር ዳርቻ ነው። መሀል ላይ ደግሞ የሐዋሳን ሐይቅ ከ20 ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ማላስፒና የሚባል የበረዶ ግግር አለ፤ ዕቃቸውን በበረዶ ላይ እየጎተቱ ነው ያቋረጡት።

በ1899 ወደ ሰሜን ዋልታ ሄደ። ውርጩ ጣቶቹን ስለጎዳው ጉዞውን ለኡምቤርቶ ካኚ ለቀቀ። ካኚ ከዋልታው 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ተመለሰ፤ ሦስት ሰዎች ግን በዚያው ቀሩ። ከዚያ በ1906 ሩዌንዞሪ፣ በ1909 ኬ2።

ወደ እኛ የመጣው በ55 ዓመቱ ነው። በ1928 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወንዙን እያጠና ወደ ሶማሊያ ወረደ። እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ትምህርቴ ዝም አላለኝም። ሰውየው ከ1920 ጀምሮ በወንዙ ታችኛው ክፍል ሰፊ የሸንኮራና የጥጥ እርሻ ነበረው። ታች የሚያርስ ሰው ላይ ያለውን ውሃ ማወቅ ይፈልጋል፤ ነገሩ ጀብዱ ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን በወንዙ ዳር በነበሩ የጣሊያን እርሻዎች ደግሞ የግዴታ ሥራ ነበር። ምንጩን አገኘ ይባላል፤ የአርሲና የባሌ እረኞች እኮ ከብታቸውን ሲያጠጡበት ነው የኖሩት!

መጋቢት 1933 እዚያው እርሻው መንደር ሞቶ ተቀበረ። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ የግራዚያኒ ጦር ከሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ኦጋዴን ገባ። መንደሩ ዛሬ ጆሃር ይባላል፤ በአዳባ ያለፈው ውሃም በዚያው በኩል ይወርዳል።