የላፕራጋዳ ሱባራው

እ.ኤ.አ. በ1895 በደቡብ ሕንድ በቢማቫራም የተወለዱት የላፕራጋዳ ሱባራው ገና በወጣትነታቸው ሁለት ወንድሞቻቸውን ስፕሩ በተባለው የአንጀት በሽታ አጡ። በማድራስ የሕክምና ኮሌጅ ሳሉ የጋንዲን ጥሪ ተቀብለው በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ ካባ መልበሳቸው እንግሊዛዊውን የቀዶ ሕክምና መምህር አስቆጣ፤ በሙሉው ዲግሪ ፈንታም ዝቅ ያለ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው።

አሜሪካ ሲደርሱ በሆስፒታል አነስተኛ የሌሊት ሥራ እየሠሩ በሃርቫርድ ባዮኬሚስትሪ አጠኑ። ከሳይረስ ፊስክ ጋር በ1925 ፎስፎረስን የመለኪያ ዘዴ አሳተሙ፤ በ1929 ደግሞ ለሴል ኃይል የሚያቀብለውን ኤቲፒን ገለጡ። ይህን ለሠራ ሰው ቋሚ መምህርነት መነፈጉ ያስገርማል።

በ1940 ወደ ሌደርሌ ላቦራቶሪ ተዛወሩ። በዚያ የሚመሩት ቡድን በ1945 ፎሊክ አሲድን በኬሚካላዊ መንገድ ሠራ፤ ይኸው ቫይታሚን ወንድሞቻቸውን ለገደለው በሽታ መድኃኒት ሆነ። የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር ግን ሉኬሚያ ለያዛቸው ሕፃናት ሲሰጡት በሽታው የሚፋጠን መሰላቸው። እንግዲህ የሚፈለገው ቫይታሚኑን መስሎ ሴሉን የሚያታልል፥ ሥራውንም የሚያጨናግፍ ነገር ነበር። ቡድኑ አሚኖፕቴሪንን፥ ቀጥሎም ሜቶትሬክሴትን አዘጋጀ። ፋርበር በጁን 1948 ባሳተሙት ጽሑፍ በአሚኖፕቴሪን ከታከሙት 16 ሕፃናት 10ሩ ለጊዜው ተሽሏቸው እንደ ነበር ገለጡ። በኦገስት ሱባራው በ53 ዓመታቸው በእንቅልፍ ላይ ሳሉ አረፉ፤ ከወጡ ወዲህ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

በማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት ብቻ የተወሰነውን ሊምፎማ ቀዶ ሕክምና አይፈውሰውም። ለሌላው ሊምፎማ የሚሰጡት የተለመዱ መድኃኒቶችም በደምና በአንጎል መካከል ያለውን ግርዶሽ በበቂ መጠን አያልፉም። መላውን አንጎል በጨረር ማከም ዕባጩን ያሟሟዋል፤ ይሁን እንጂ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፥ በዕድሜ የገፋውንም ታማሚ የማሰብና የማስታወስ ችሎታ ይጎዳል። ሜቶትሬክሴት በትንሹ ሲሰጥ ወደ አንጎል እምብዛም አይዘልቅም፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ 3 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ተሰልቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በደም ሥር ሲሰጥ ግን ግርዶሹን ያልፋል። የዛሬው ሕክምና መሠረት ይኸው ነው። ይህን ያህል መጠን ያለ መከላከያ ሊገድል ስለሚችል የታማሚው ሽንት በባይካርቦኔት ከአሲድነት ይጠበቃል፤ 24 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ጤነኛውን ሴል የሚያድነው ሉኮቮሪን ይሰጣል። ሉኮቮሪንም ራሱ የፎሊክ አሲድ ዘር ነው።