ሳይቶ ሐጂሜ፤ በሥዕል የምናውቀውና በእውነት የኖረው

«ሩሮኒ ኬንሺን» የተባለውን የጃፓን ባለሥዕል ልብ ወለድ በማንጋው ያነበበ ወይም በአኒሜው፥ ማለት በሚንቀሳቀሰው ሥዕል፥ የተመለከተ ተማሪ ሁሉ ሳይቶ ሐጂሜን ያውቀዋል። ሲጋራ ከአፉ የማይለየው፥ ሰይፉን በግራ እጁ ይዞ የሚወጋው ቀጭኑ ፖሊስ ነው። ጀግናው ኬንሺን የደራሲው የዋትሱኪ ኖቡሂሮ ፈጠራ ሲሆን ሳይቶ ግን በሥጋ የኖረ ሰው ነው።

ሳይቶ በ1844 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዛሬ ቶክዮ በምትባለው በኤዶ ተወለደ። በ1863 የሾጉኑን ጠላቶች ለመቈጣጠር በኪዮቶ ከተቋቋመው ከሺንሰንጉሚ ጭፍራ ገብቶ ገና በወጣትነቱ የሦስተኛው ክፍል አለቃ ሆነ። በ1868 የንጉሠ ነገሥቱ ወገን ድል ሲያደርግ አዛዡ ኮንዶ ኢሳሚ ተገደለ። ሒጂካታ ቶሺዞ ጦርነቱን ለመቀጠል ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ ሳይቶ አልተከተለውም፤ የጭፍራቸው ጠባቂ የነበረውን የአይዙን አገር በጭንቅ ቀን ጥሎ መሔድ አልወደደምና እዚያው ተዋጋ፥ እዚያውም ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ከአይዙ ሰዎች ጋራ ቶናሚ ወደሚባለው ብርዳምና ፍሬ የለሽ አገር ተሰደደ።

ፉጂታ ጎሮ በሚል ስም በቶክዮ ፖሊስ የተቀጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1877 የሳጹማ ሰዎች ባመፁ ጊዜ ትናንት ላሸነፈው መንግሥት ዘምቶ ቈሰለ።

ልብ ወለዱ የሚዠምረው በ1878፥ ማለት ከዚህ ዘመቻ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ማንጋው ከ1994 እስከ 1999 ታትሞአል። የመዠመሪያው አኒሜ ግን ከ1996 እስከ 1998 ሲታይ መጽሐፉ ገና ስላላለቀ የራሱን ታሪክ እየጨመረ ሔደና የመጨረሻውን ታላቅ ክፍል ሳያሳይ ቀረ። ሁለተኛው አኒሜ የዠመረው በ2023 ነው። በበኩሌ ማንጋውን እመርጣለሁ፤ አኒሜው ውጊያውን ያሳምረዋል፥ በወረቀቱ ላይ ግን አንባቢው በሳይቶ ፊት ላይ እንደ ልቡ ይቈያል። «ጋቶትሱ» የተባለው የአወጋግ ስም ግን የደራሲው ፈጠራ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ሽምግልናውን ሁለቱም አያሳዩንም። ከፖሊስነት ከወጣ በኋላ ይኽ የሰይፍ ሰው በቶክዮ የመምህራን ትምህርት ቤት ቤተ መዘክር ዘበኛ ሆነ፤ ቀጥሎም ሴቶች መምህራን በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት በጽሕፈት ሥራ አገለገለ። የአይዙ ተወላጅ ከሆነችው ከሚስቱ ከቶኪዮ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዶ በ1915 በ71 ዓመቱ ዐረፈ። መቃብሩም በኤዶ ሳይሆን በአይዙ፥ በአሚዳ ቤተ መቅደስ ይገኛል።