ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና የሴት ልጅ ትምህርት

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ መሆናቸው ነው። ለመምህራን ግን ከዚያ የሚቀድመው ሌላው ሥራቸው ነው። ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤት በፊት የትምህርት ቤት ሰው ነበሩ፤ ምክር ቤት የገቡትም በክፍል ውስጥ የተመለከቱትን ችግር ይዘው ነው ማለት ይቻላል።

የተወለዱት በጥር ወር 1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመልእክተኛነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። እኒህ አባት በዘመኑ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። ስንዱንና ታናሽ እኅታቸውን የውብዳርን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሰደዱ። የውብዳር በኋላ መንነው እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት፣ በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው ናቸው። የሁለቱም ተሰጥኦ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን በር የከፈተላቸው የአባት ፈቃድ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ በጣት የምትቆጠር ነበረች።

ወይዘሮ ስንዱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጠላት ወረረ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ሲሆን ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ቁስለኛም ረዱ። ተማርከውም ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ አዚናራ በተባለች ደሴት ታሰሩ። ወራሪው የተማረውን ወጣት እየለየ በፈጀበት ዘመን ከሞት መትረፋቸው ራሱ ዕድል ነው። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ መምህራን ያጣችውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተ ሲሆን፣ ከድል በኋላ እንደገና ሥራውን ጀመረ። ሲመራ የኖረው በውጭ አገር ሰዎች ነበር፤ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ስንዱ ሆኑ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው ይህ ቤት የሴቶች ሲሆን፣ በከተማዋ ምዕራብ፣ ወደ ኮልፌ በሚወስደው በኩል እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የወንዶች አዳሪ ቤት ነበር። ወንድና ሴት ልጅ ያለው የኮልፌ ሰው ሁለቱን በአንድ መንገድ አይሰዳቸውም። ወንዱን ለማስተማር የሚያመነታ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ሴቷን ግን ውሃ የሚቀዳ፣ ታናናሾቿን የሚጠብቅ ማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ፣ የጋብቻውም ነገር ተጨምሮበት፣ ቤት ያስቀራታል። የአዳሪ ትምህርት ቤት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ልጅቱ ከጓዳው ሥራ ተለይታ ለጥናት ጊዜ ታገኛለች፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ከመጡ እኩዮቿም ጋር መኖርን ትለምዳለች። ጉድለትም አለው፦ ወላጅ ከልጁ ትምህርት ይርቃል፤ ልጅቱ ስትመለስም ቤቷ እንደቀድሞው ይጠብቃታል።

ርእሰ መምህርቷ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር። ይህን እንደ ትርፍ ጊዜ መዝናኛ መቁጠር ስሕተት ይመስላል። አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንድትናገር ተደርጋ ያደገች ልጅ በሰው ፊት ቆማ፣ ቃሏን አጥርታ፣ የጓደኛዋን ተራ ጠብቃ መናገር ስትችል፣ ከሒሳብና ከቋንቋ ክፍል የማታገኘውን ታገኛለች። በጠላት ዘመን የደረሰው መከራም ለድርሰቶቻቸው ጉዳይ ሆኖላቸዋል፤ ግጥምና ተውኔት የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ታትሟል።

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። በተውኔቱ መድረክ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት በሰው ፊት መናገር አሁን የራሳቸው ፈተና ሆነ፤ ምክር ቤቱ የወንዶች ነበርና። በዚያው ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገ፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ወሰነ። ይህን የመምህር ዓይን ሲያየው ነገሩ ግልጽ ነው። 15 ዓመት የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ ነው፤ ልጅቱ ከክፍሏ ወጥታ ብትዳር ሕግ አይከለክልም ማለት ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። በአርባ ዓመት መካከል ስንት ጎበዝ ተማሪ ከመዝገብ ተሰርዛ እንደቀረች የየትምህርት ቤቱ ነባር መምህር ያውቀዋል።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤቱ በኋላ በልዩ ልዩ የመንግሥት ሥራ፣ በውጭ አገርም ሳይቀር አገልግለዋል። የመሩት ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተብሏል። ያረፉት በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 93 ዓመት ነበር።